ውሃው ወዴት ይፈስሳል? የፋውንድሪ ተንቀሳቃሽ ውሃ በጢስ ዓባይ ካርታ ላይ ሲፈተን

በኢንተርኔት ተገናኝቶ ለሚጫወተው የጨዋታ ቡድናችን በኮምፒውተር ባዘጋጀሁት የመጀመሪያው ተንቀሳቃሽ ካርታ ላይ ዓባይ ሽቅብ ፈሰሰ። ስህተቱ የራሴ ነበር፤ ውሃውን የያዘውን የቪዲዮ ቁራጭ ከወንዙ ቅርጽ ጋር እንዲገጥም ሳዞረው የፍሰቱ አቅጣጫም አብሮ እንደሚዞር ልብ ሳልል ቀረሁና ሞገዱ ከፏፏቴው አፋፍ ተነሥቶ ወደ ጣና መጓዝ ጀመረ። ተጫዋቾቹ ለግማሽ ሰዓት ያህል ምንም አላሉም። በመጨረሻ የአንደኛው ገጸ ባሕርይ ከታንኳው ተገልብጦ ወንዙ ውስጥ ሲወድቅ "ውሃው ወዴት ነው የሚወስደኝ?" ብሎ ጠየቀኝ። ወደ ፏፏቴው መሆኑን ብነግረው "እኔ የማየው ግን ወደ ባሕር ዳር ሲመልሰኝ ነው፤ ታዲያ ለምን እፈራለሁ?" አለኝ፤ የምመልስለት ነገር አልነበረኝም።

ከዚያ ምሽት ወዲህ በዲጂታል ካርታ ላይ የሚንቀሳቀስ ውሃ ሳይ አስቀድሜ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ተጫዋቹ ካርታውን አይቶ ውሃው ወዴት እንደሚወስደው፣ የቱ ጋ እንደሚጠልቅና የቱ ጋ በእግር እንደሚሻገር ያለ እኔ ማብራሪያ ሊያውቅ ይችላል ወይ? ውበቱን ከዚያ በኋላ እመዝናለሁ። ይህ ግምገማ የጨዋታ ካርታን በኢንተርኔት የሚያሳየውን ፋውንድሪ ቨርቹዋል ቴብልቶፕ የተባለ ሶፍትዌርና አብረውት የሚሠሩ ሁለት ነጻ ሞጁሎችን (በላዩ የሚጫኑ ተጨማሪ ፕሮግራሞችን) በዚህ ጥያቄ የሚፈትሽ ነው።

ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልበል። በ1974 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በወጣው በደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የታወቀው የጠረጴዛ ላይ ጨዋታ አንድ መሪ ታሪኩን ሲመራ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይዘው በንግግርና በዳይስ የሚጫወቱት ነው። ጠብ ሲነሣ ወይም ቦታ መያዝ ወሳኝ ሲሆን በካሬ የተከፋፈለ ካርታ ይዘረጋል፤ አንዱ ካሬ በልማድ 5 ጫማ፣ ማለትም አንድ ሜትር ተኩል ያህል ነው። ተጫዋቾቹ በተለያየ አገር ሲሆኑ ካርታው በብራውዘር ላይ ይወጣል፣ ገጸ ባሕርያቱም ቶከን በሚባሉ ትንንሽ ክብ ሥዕሎች ይወከላሉ። የእኛ ቡድን አንዱ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሌላው ሽቱትጋርት፣ ሦስተኛው ዱባይ፣ እኔና አንድ ጓደኛዬ ደግሞ አዲስ አበባ ሆነን ቅዳሜ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ የምንገናኝ ነን።

ፋውንድሪ አንድሩ ክሌይተን የጀመረውና በግንቦት 2020 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ለሽያጭ የቀረበ ሶፍትዌር ነው። ዋጋው 50 ዶላር ሲሆን የሚከፈለው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ የሚገዛውም መሪው ብቻ ነው፤ ሌሎቹ በብራውዘራቸው ያለ ክፍያ ይገባሉ። ለእኛ ይህ አከፋፈል ከማናቸውም ባሕርይው በላይ ትርጉም ነበረው፤ ከአዲስ አበባ ሆኖ በየወሩ በዶላር የሚቆረጥ አባልነት መክፈል አስቸጋሪ ስለሆነ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ወዳጃችን በካርዱ አንድ ጊዜ ከፈለልን፣ ጉዳዩም በዚያው ተዘጋ። በሌላ በኩል ሰርቨሩ፣ ማለትም ጨዋታውን ለሁሉም የሚያቀርበው ኮምፒውተር፣ የራስ ወይም በኪራይ የሚገኝ መሆኑ፣ በተለይ ውሃን በሚመለከት፣ ወደ ኋላ የምመለስበትን ጣጣ ያመጣል።

ገዢ አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባው ነገር ፋውንድሪ "ውሃ" የሚል ቁልፍ የሌለው መሆኑ ነው። ወንዝ አይሥልልዎትም፤ ሐይቅ አይቀባልዎትም። እርስዎ ያመጡትን ሥዕል፣ ቪዲዮ ወይም ሞጁል ያሳያል፤ ይህንም በደንብ ያደርገዋል። ስለዚህ ውሃው የሚያምረውም የሚበላሸውም በአብዛኛው በመሪው ትዕግሥት ነው። ወደዚያ የሚያደርሱ ሦስት መንገዶች አሉ፤ ካርታውን በሞላ ቪዲዮ ማድረግ፣ በቆመ ካርታ ላይ የውሃውን ክፍል ብቻ ቪዲዮ አድርጎ መለጠፍ፣ ወይም ያለ ምንም ቪዲዮ የቆመውን የውሃ ሥዕል በፊልተር (የሥዕሉን መልክ በሚለውጥ ስሌት) ማወዛወዝ። እኔ ሦስቱንም በአንድ ቦታ ላይ ሞከርኳቸው፤ ቦታውም ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ በላይ ያለው የወንዙ ክፍልና አፋፉ ነው። በታሪካችን ከጣና ገዳማት በአንዱ የተሰረቀ ብራና በታንኳ ተጭኖ ይሸሻል፣ ተጫዋቾቹም ያሳድዱታል። ዘመኑን በአፄ ፋሲል ጊዜ ስላደረግነው ፏፏቴው ሙሉ ነው፤ ለኤሌክትሪክ ኃይል የተጠለፈ ውሃ የለም።

መጀመሪያ የገጠመኝ የመጠን ነገር ነበር። ጢስ ዓባይ በክረምት ሲሞላ ስፋቱ እስከ 400 ሜትር ይደርሳል። በአንድ ካሬ አንድ ሜትር ተኩል ብናስብ ይህ ከ260 ካሬ በላይ ነው፤ ፋውንድሪ በነባሪነት ለአንድ ካሬ የሚሰጠው 100 ፒክስል ስለሆነ ሥዕሉ ከ26,000 ፒክስል በላይ ይሰፋል። ብዙ ግራፊክስ ካርዶች በአንድ ሥዕል የሚቀበሉት ቢበዛ 16,384 ፒክስል ነው፣ አሮጌዎቹ ደግሞ 8,192። ስለዚህ ፏፏቴውን በሙሉ መሣል ትቼ 40 ካሬ በ30 ካሬ የሆነ ቁራጭ መረጥሁ፤ 60 ሜትር በ45 ሜትር ማለት ነው። ለአንድ ጠብ ይህ ከበቂ በላይ ነው።

ካርታውን በሞላ ቪዲዮ የማድረጉ መንገድ ለመሪው ከሁሉም የቀለለ ነው። ደንጀን አልኬሚስትን የመሰሉ የካርታ መሥሪያ ፕሮግራሞች ውሃው የሚንቀሳቀስበትን ካርታ በቪዲዮ ያወጣሉ፤ ፋውንድሪም ዌብኤም ወይም ኤምፒ4 የተባለ የቪዲዮ ፋይል እንደ ማንኛውም ሥዕል የካርታው መደብ አድርጎ ይቀበላል። ሥራው በዚያው ያበቃል፤ ሸክሙ ግን ወደ ተጫዋቾቹ ኮምፒውተር ይሻገራል። የእኔ ካርታ 4,000 በ3,000 ፒክስል ነው፤ ለእያንዳንዱ ፒክስል 4 ባይት ሲታሰብ አንዱ ፍሬም (የቪዲዮው አንድ ነጠላ ሥዕል) ከታመቀበት ሲፈታ 48 ሜጋባይት ይሆናል። በሰከንድ 30 ፍሬም ከሆነ ደግሞ ኮምፒውተሩ በየሰከንዱ አንድ ነጥብ አራት ጊጋባይት ያህል ሥዕል ፈትቶ ለግራፊክስ ካርዱ ማቀበል አለበት። ከዚያ ካርታ ውስጥ የሚንቀሳቀሰው ሢሶው ብቻ ነው፤ የቀረው ድንጋይ፣ ሣርና ዛፍ ነው። ቆሞ የሚውለውን ድንጋይ በሰከንድ 30 ጊዜ እንደ አዲስ ማቅረብ ማለት ነው። ለጨዋታ በተሠራ ኮምፒውተር ላይ ይህ አይታወቅም፤ ስምንት ዓመት በሆነው ላፕቶፔ ላይ ግን የማራገቢያው ድምፅ ከፏፏቴው በልጦ በማይክሮፎኔ በኩል ለሁሉም ተሰማ።

ሌላው ጣጣ ማስተላለፊያው ነው። ሰርቨሩ የእኔ ኮምፒውተር በሆነ ጊዜ እያንዳንዱ ተጫዋች ፋይሉን የሚያወርደው ከእኔ ነው። 60 ሜጋባይት የሆነ ቪዲዮ ለአራት ሰዎች ሲላክ 240 ሜጋባይት ይሆናል፤ በሰከንድ 5 ሜጋቢት በሚልክ መስመር ይህ ከስድስት ደቂቃ በላይ ይፈጃል፣ ያውም መስመሩ ለድምፅ ምንም ሳይተርፈው። ብራውዘሩ አንዴ ያወረደውን ስለሚያስቀምጥ በሁለተኛው ሳምንት ችግሩ ይቀላል። ሆኖም ተሳዳጁ ታንኳ ወደ አፋፉ በተቃረበበት ቅጽበት አዲስ ካርታ ከፍቶ "እስቲ ጠብቁኝ" ማለት ታሪኩን ይገድለዋል። ፋውንድሪ አንድን ካርታ ከመክፈት በፊት በሁሉም ተጫዋች ኮምፒውተር ላይ አስቀድሞ እንዲጫን የሚያደርግ ትእዛዝ አለው፤ እኔ ቡና በሚፈላበት ሰዓት እጠቀምበታለሁ።

ስለ ገበያ ቪዲዮዎች አንድ ነገር ልጨምር። ስሙን ከማልጠቅሰው ሻጭ የገዛሁት የወንዝ ቪዲዮ አራት ሰከንድ ርዝመት ያለው ሉፕ፣ ማለትም እየተደጋገመ የሚዞር ቁራጭ፣ ነበር። በሻጩ ማሳያ ላይ ማለፊያ ይመስላል። ሦስት ሰዓት ሙሉ ሲታይ ግን ያው አንዱ ነጭ አረፋ በየአራት ሰከንዱ ከያው ድንጋይ ሥር ብቅ ይላል፤ ሉፑ የሚጋጠምበት ቦታም በደንብ ስላልተሰፋ ውሃው በየዙሩ ዓይኑን እንደሚያርገበግብ ሰው ብልጭ ይላል። አንዴ ካዩት በኋላ ሌላ ነገር ማየት አይቻልም። በእኔ ግምት ከ15 ሰከንድ ያነሰ ሉፕ ለወንዝ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው፤ ለረጋ ሐይቅ ከሆነ ግን እንቅስቃሴው አዝጋሚ ስለሆነ 10 ሰከንድም ያስኬዳል።

ሁለተኛው መንገድ፣ የውሃውን ክፍል ብቻ ቪዲዮ አድርጎ መለጠፍ፣ ለእኔ አማካዩና ብዙ ጊዜ የምመርጠው ነው። ካርታው የቆመ ሥዕል ሆኖ ይቀርና ወንዙ ባለበት ቦታ ላይ ታይል የሚባል ቁራጭ ይቀመጣል፤ ቁራጩ ዳርቻው ግልጽ፣ ማለትም ከሥሩ ያለውን አሳልፎ የሚያሳይ፣ የሆነ የዌብኤም ቪዲዮ ነው። የሚፈታው ፍሬም በጣም ስለሚያንስ ላፕቶፔ ትንፋሹን ሰበሰበ። እዚህ ላይ ሁለት ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የሳፋሪ ብራውዘር ተጠቃሚዎች በዌብኤም ውስጥ ያለውን ግልጽነት በትክክል ስለማያዩ ሌላ ብራውዘር እንዲከፍቱ አስቀድሞ መንገር ይገባል። ሁለተኛው በመግቢያዬ ያወራሁት ነው፤ ታይሉን ባዞሩ ቁጥር ፍሰቱም አብሮ ይዞራል፣ በመስተዋት ሲገለብጡትም ይገለበጣል። ወንዙ ከታጠፈ ደግሞ አንዱ ቁራጭ ከሌላው ጋር በማጠፊያው ላይ ይጋጫል፤ እኔ መጋጠሚያዎቹን በድንጋይና በደንገል ሥዕል ሸፈንኳቸው፣ ማንም አልነቃብኝም።

ሦስተኛው መንገድ በጣም የሚያስደስተውም የሚያናድደውም ነው። ቶከን ማጂክ ኤፍኤክስ የተባለው ነጻ ሞጁል በማንኛውም ታይል፣ ቶከን ወይም በካርታው ላይ በተሣለ ቅርጽ ላይ ፊልተር ይጭናል። የአሠራሩ ሐሳብ ቀላል ነው። ግራፊክስ ካርዱ እያንዳንዱን ፒክስል ሲሥል ቀለሙን ከራሱ ቦታ በመውሰድ ፈንታ ጥቂት ወደ ጎን ካለ ቦታ እንዲወስድ ይታዘዛል፤ "ጥቂት ወደ ጎን" የሚለው መጠን የሚወሰነው በጊዜ በሚለዋወጥ ደመና መሰል የዘፈቀደ ንድፍ ነው። እንዲህ ያለውን ንድፍ በኮምፒውተር ማመንጨትን በ1980ዎቹ መጀመሪያ ያስተዋወቀው ኬን ፐርሊን ሲሆን በ1997 የአሜሪካ ፊልም አካዳሚ የቴክኒክ ሽልማት ያገኘበት ሥራ ነው። ውጤቱ ቆሞ የነበረ ሥዕል እንደ ውሃ መወዛወዙ ነው። የሚወርድ ቪዲዮ የለም፣ ሉፕ የለም፣ መጋጠሚያ የለም፤ ለተጫዋቾቹ የሚላከው ጥቂት ቁጥሮች ብቻ ናቸው፣ ሥራውን እያንዳንዱ ኮምፒውተር ለራሱ ይሠራዋል። ዱባይ ያለው ወዳጃችን በስልኩ ዳታ ላፕቶፑን አገናኝቶ በሚጫወትበት ምሽት ልዩነቱ በግልጽ ታየ።

የሚያናድደው ዳርቻው ነው። ፊልተሩ ውሃ የቱ እንደሆነ አያውቅም፤ በተጫነበት ሥዕል ላይ ያለውን ሁሉ ያወዛውዛል። በመጀመሪያ ሙከራዬ ወንዙንም ዳርቻውንም በያዘ ታይል ላይ ጫንሁትና ዐለቱ እንደ ጄሊ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ዳር ላይ የቆመ ቶከንም ካሬው መሬት ይሁን ውሃ መለየት አቃተው። ይህ የዓይን ጉዳይ ብቻ አይደለም። በአምስተኛው የደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ እትም ሕግ የዋና ችሎታ የሌለው ገጸ ባሕርይ ለሚዋኘው ለእያንዳንዱ ጫማ አንድ ተጨማሪ ጫማ ይከፍላል፤ በመሬት ላይ በአንድ ዙር 6 ካሬ የሚሄድ ሰው በውሃ ውስጥ 3 ብቻ ይሄዳል ማለት ነው። ዳርቻው ከተንቀጠቀጠ ክርክር ይነሣል፣ ክርክሩም ታሪኩን ያቆመዋል።

መፍትሔው የእጅ ሥራ ነው። የተሟላውንና የቆመውን ካርታ ከሥር ይተዉታል፤ በሥዕል ማረሚያ ፕሮግራም ውሃውን ብቻ ቆርጠው ግልጽ ዳራ ባለው ፋይል ያስቀምጡታል፤ ጠርዙን ጥቂት ፒክስል ያህል አለስልሰው ከላይ ይለጥፉታል። ፊልተሩ ጠርዙን ወደ ውስጥ ሲስበው ከሥሩ ያው የቆመው ውሃ ስለሚታይ ክፍተት አይወጣም፣ ዐለቱም ከነቦታው ይቆማል። ለአንድ ካርታ አንድ ሰዓት ያህል ፈጀብኝ። የእንቅስቃሴውን መጠንና ፍጥነት ደግሞ ሞጁሉ ከሚሰጠው መነሻ በጣም ቀንሱት እላለሁ። ማሳያ ሲሠራ በአሥር ሰከንድ ውስጥ እንዲማርክ ተደርጎ ነው፤ እኛ ግን ለሦስት ሰዓት ፊት ለፊቱ እንቀመጣለን። ሽቱትጋርት ያለችው እኅታችን በሁለተኛው ምሽት ራሷን ማዞር እንደጀመራት ስትነግረን ፍጥነቱን ወደ ሩብ አወረድኩት፤ ለረጋ ውሃ እንዲያውም የተሻለው ያ ሆኖ ተገኘ።

ቀለሙን በሚመለከት ቅሬታዬ ከአንድ ሞጁል ይልቅ ወደ ገበያው በሙሉ ነው። የሚሸጠው ውሃ ከሞላ ጎደል ሁሉም ሰማያዊና እስከ አሸዋው የሚታይ ጥርት ያለ ነው፤ ሥሩ ላይ የፀሐይ ብርሃን እንደ መረብ ሲጫወት ይታያል። በነሐሴ ወር ዓባይን ያየ ሰው ወንዙ የደጋውን አፈር ተሸክሞ የሚወርድ፣ ከወተት ሻይ የጠቆረ ቡናማ መሆኑን ያውቃል። እንዲህ ባለ ውሃ ውስጥ የብርሃን መረብ አይታይም፣ ሥሩም አይታይም፤ ለጨዋታውም ይህ ትልቅ ነገር ነው፣ ምክንያቱም ጥልቀቱን ማንም በዓይኑ ሊለካ አይችልም፣ አዞ ቢኖርም አይታይም። ቶከን ማጂክ ጎርፍ የሚለው ፊልተር ቀለሙን፣ የቀለሙን ጥንካሬና የሚያብለጨልጨውን ብርሃን ለየብቻ ስለሚያስተካክል ቡናማ ዓባይን ለመሥራት ያስቻለኝ እርሱ ብቻ ነው። ብልጭታውን ወደ ዜሮ ሳወርደውና ቀለሙን ሳጠቁረው አዲስ አበባ ያለው ጓደኛዬ፣ የዘጌ ልጅ ነው፣ "አሁን ውሃ ሆነ" አለኝ። በገዛሁት ሰማያዊ ቪዲዮ ላይ ያንኑ ለማድረግ ስሞክር አረፋውም አብሮ ቡናማ ሆነ።

ጥልቀት ለማሳየት አንድ ነገር ረዳኝ። ውሃውን በአንድ ታይል ከመለጠፍ ጥልቁንና ጥልቀት የሌለውን በሁለት ታይል ለየሁ፤ ጥልቁ ጠቆር ብሎ በዝግታ ይንቀሳቀሳል፣ መሻገሪያው ፈዘዝ ብሎ በፍጥነት ይንቀጠቀጣል። ተጫዋቾቹ ሳልነግራቸው በመሻገሪያው በኩል ሄዱ። በምፈልገው ሚዛን ይህ ትልቅ ድል ነበር።

አቅጣጫ ላይ ስንደርስ ግን ፊልተሮቹ ይወድቃሉ። መወዛወዝ መፍሰስ አይደለም፤ ንድፉ ሲንቀሳቀስ ሥዕሉ በቦታው ሆኖ ይታመሳል እንጂ ወደ አንድ ወገን አይሄድም። ለሐይቅ፣ ለኩሬና ለባሕር ይህ ይበቃል፤ ለወንዝ አይበቃም። በቪዲዮ ጨዋታዎች ዓለም ችግሩ ከተፈታ ቆይቷል፤ በ2010 የቫልቭ ኩባንያ ባልደረባ አሌክስ ቭላኮስ ሲግራፍ በተባለው የኮምፒውተር ግራፊክስ ጉባኤ ባቀረበው ዘዴ እያንዳንዱ የወንዝ ክፍል የሚፈስበት አቅጣጫ በሥዕል ላይ በቀለም ይመዘገባል፤ ቀዩ ቀለም የአግድሙን፣ አረንጓዴው የሽቅብ ቁልቁሉን አቅጣጫ ይይዛል፤ ውሃው በዚያ መሠረት ድንጋዩን ዞሮ በማጠፊያው ታጥፎ ይሄዳል። ሁለት የተለያየ ጊዜ ላይ ያሉ ንብርብሮች እየተፈራረቁ ስለሚደባለቁ መነሻው ላይ ሲመለስ አይታወቅም። መሪው በብሩሽ አቅጣጫውን ቀብቶ ወንዙን እንዲህ የሚያፈስበት ቀላል መሣሪያ በፋውንድሪ ውስጥ ተሠርቶ ቢቀርብ ለብቻው ሌላ 20 ዶላር እከፍልበት ነበር።

ስለ ፏፏቴው ራሱ ያልጠበቅሁት ነገር አለ። ካርታ ከላይ ወደ ታች የሚታይ ስለሆነ ከ40 ሜትር በላይ የሚወርደው የውሃ መጋረጃ በካርታው ላይ ቦታ የለውም። ከላይ የሚያይ ሰው የሚያየው ሦስት ነገር ነው፤ ወደ አፋፉ ሲቀርብ እየፈጠነ የሚሣሣ ውሃ፣ የአረፋ መስመር፣ ከዚያም ስሙን ያወጣለት ጢስ። ጢሱን ለመሥራት ቪዲዮ ፈልጌ ብዙ ከደከምኩ በኋላ መፍትሔው በፋውንድሪ ውስጥ ያለ ምንም ሞጁል ተገኘ፤ የብርሃን ምንጭ ሲያስቀምጡ ከሚመረጡት የብርሃን እንቅስቃሴዎች መካከል የሚዞር ጭጋግ የሚመስል አለ። ነጣ ባለ ቀለም በአፋፉ ሥር ሦስት ቦታ ተከልሁት፤ ጢሱ ተነሣ። ኤፍኤክስማስተር የተባለው ሁለተኛው ነጻ ሞጁል ደግሞ የዝናብ፣ የጭጋግና የደመና ብናኝ ያመጣል፣ ውሃ ውስጥ ጠልቀው ለሚታዩ ትዕይንቶችም ካርታውን በሙሉ የሚያወዛውዝ ፊልተር አለው። ለዋሻ ውስጥ ሐይቅ ወደድኩት፤ ለዚህ ካርታ ግን ስለሚበዛበት ትቼዋለሁ።

ከጢሱ በላይ ፏፏቴውን ፏፏቴ ያደረገው ድምፁ ነው። ፋውንድሪ በካርታው ላይ ድምፅን በቦታና በክብ ስፋት መትከል ያስችላል፤ ቶከኑ ወደ መካከሉ ሲቀርብ ድምፁ ይጨምራል፣ ግድግዳ ካለ ይታፈናል። ታንኳው ወደ አፋፉ በተጠጋ ቁጥር ጓደኞቼ ድምፃቸውን ሳያውቁት ከፍ ሲያደርጉ ሰማሁ። አንድ ትንሽ የድምፅ ፋይል በሺህ ሜጋባይት ቪዲዮ የማይገኝ ነገር አደረገ።

በ2024 የወጣው የፋውንድሪ 12ኛው ስሪት ካመጣቸው ነገሮች መካከል ለውሃ የሚጠቅመው በካርታው ላይ ክልል መከለል ነው። ወንዙን ከልለው ቶከን ሲገባበት ጽሑፍ እንዲወጣ፣ ጨዋታው እንዲቆም ወይም ቶከኑ ወደ ሌላ ቦታ እንዲወሰድ ማዘዝ ይቻላል፤ እኔ አፋፉን ያለፈ ቶከን ከፏፏቴው ሥር ወዳለው ሁለተኛ ካርታ እንዲወርድ አደረግሁ። ዝናብ በጣሪያ ሥር እንዳይዘንብ ማድረጊያም በዚሁ ውስጥ አለ። ክልሉ ከሚታየው ውሃ ጋር በራሱ አይያያዝም፤ ለብቻው መሥመሩን ተከትሎ መሣል ግድ ነው፤ አሰልቺ ነው፣ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

አሮጌ ኮምፒውተር ያላቸው ተጫዋቾች ተስፋ አይቁረጡ። በቅንብሩ ውስጥ የሥዕሉን ጥራት ደረጃ ዝቅ ማድረግና በሰከንድ የሚሣለውን የፍሬም ብዛት መገደብ ይቻላል፤ ሁለቱም ለእያንዳንዱ ሰው ለብቻው ስለሚሠሩ የአንዱ ድካም ሌላውን አይነካም። በብራውዘሩ ውስጥ የግራፊክስ ካርዱ ሥራ መፈቀዱንም ያረጋግጡ፤ ከተዘጋ ማናቸውም ውሃ እንደ ጭቃ ይሄዳል። በስልክ ለመጫወት ለሚያስቡ ግን ይህ ሶፍትዌር አይሆንም፤ ለሰፊ ስክሪን የተሠራ ነው። ቴሌቪዥን ጠረጴዛ ላይ አጋድመው በአንድ ክፍል ውስጥ ለሚጫወቱ ደግሞ የማስተላለፊያው ጣጣ ስለሌለ ሙሉ ቪዲዮው ራሱ ጥሩ ምርጫ ነው።

ገንዘቡን በሚመለከት፣ ሁለቱ ሞጁሎች ነጻ ስለሆኑ ለ50 ዶላሩ ሐይቅ፣ ዝናብ፣ ጭጋግና ድምፅ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይገኛል፤ ተገቢ ዋጋ ነው። በየሳምንቱ የሚጫወትና ለካርታው ሁለት ሰዓት የማይሰስት መሪ ካለ ይግዛው። ተዘጋጅቶ የተቀመጠ የሚፈስ ወንዝ የሚፈልግ ግን ጥሩ ቪዲዮ መግዣ ተጨማሪ ገንዘብ ይያዝ፣ ከመክፈሉ በፊትም የሉፑን ርዝመት ይጠይቅ።

የእኔ ዓባይ በመጨረሻ ቁልቁል የፈሰሰው በሌላ ዘዴ ነው። ፊልተሩን ለቀለሙና ለመወዛወዙ ተውኩትና አንድ የግንድ ሥዕል ቶከን አድርጌ ወንዙ ላይ አስቀመጥሁ፤ በየዙሩ መጨረሻ ሁለት ካሬ ወደ አፋፉ በእጄ እገፋዋለሁ። ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል እንደሚባለው ነው። በሦስተኛው ዙር ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ወዳጃችን ግንዱ አፋፉ ላይ ለመድረስ ስንት ዙር እንደቀረው በጣቱ ሲቆጥር ሰማሁት፤ አራት። እርሱ የተሳፈረበት ታንኳ ከግንዱ በአንድ ካሬ ይቀድም ነበርና ብራናውን ጥሎ ለመዋኘት ወሰነ።